ከቁራኛ ለመውጣት፦ ረጅም የዕዳ ክፍያ ወይስ ኪሳራ?

(ለገሃር አካባቢ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ለነጋዴዎችና ለደመወዝተኞች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሎ የተጻፈ)

ክቡራንና ክቡራት፤

በቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቃችሁን ለሰው አደራ ሰጥታችሁ፣ እረፍታችሁንም ትታችሁ ስለ ዕዳ ለማድመጥ መምጣታችሁን በቀላሉ አላየውም። ወደዚህ ስመጣ ከሰንጋ ተራ በብሔራዊ ቲያትር በኩል በእግሬ ወረድኩ። በመንገዱ ላይ የባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች ተደርድረዋል፤ ከእነዚያ ፎቆች በአንዱ ውስጥ በስሙ የብድር ፋይል ያልተከፈተ ሰው በዚህ አዳራሽ ብዙ አይመስለኝም። እኔ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። ሕግ የማነሣው ሥራዬ ከሕጉ ጋር በሚገናኝበት ልክ ስለሆነ፣ የየራሳችሁን ጉዳይ ይዛችሁ ውሳኔ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ።

እንድናገር የተጠየቅኩት ዕዳ የከበደው ሰው ዕዳውን በረጅም ጊዜ ከፋፍሎ ቢከፍል ይሻለዋል ወይስ ኪሳራ ቢታወጅ በሚለው ላይ ነው። ወደ መልሱ ከመሄዳችን በፊት «ኪሳራ» የሚለውን ቃል መለየት አለብን፤ በአማርኛ ይህ ቃል ሁለት ሸክም ተሸክሟልና። ሽንኩርት በውድ ገዝቶ ዋጋው የወደቀበት የአትክልት ነጋዴ ማታ ቤቱ ገብቶ «ዛሬ ከሰርኩ» ይላል፤ ነገ ጠዋት ተነሥቶ ይነግዳል። ሕጉ ኪሳራ የሚለው ግን ነጋዴው ጊዜው የደረሰ ዕዳውን መክፈል ሲያቋርጥ በፍርድ ቤት የሚታወጅ፣ ንብረቱን የማስተዳደር ሥልጣኑን ከእጁ የሚያወጣና ገንዘብ ጠያቂዎቹን ሁሉ በአንድ ሥርዓት ውስጥ የሚያስገባ ሁኔታ ነው። በመጀመሪያው ትርጉም ያልከሰረ ነጋዴ የለም። ሁለተኛውን ግን የምንፈራው እንደ ውርደት እንጂ እንደ ሕጋዊ ሥርዓት ስላልሆነ፣ ሊያገለግለን በሚችልበት ጊዜ እንኳ ስሙን አንጠራውም።

ጥያቄው ወደ እኔ ሲመጣ ብዙ ጊዜ መነሻው ከውጭ አገር የተደወለ ስልክ ነው። ከሜሪላንድ ወይም ከቨርጂኒያ የደወለች እኅት «አንተስ ለምን ባንክራፕሲ አትገባም? እዚህ እኮ ሰው ገብቶ ይገላገላል» ትለዋለች። እኅትየዋ አልዋሸችም፤ የምትናገረው ግን ስለ አገሯ ሕግ ነው። በአሜሪካ ነጋዴ ያልሆነ ተራ ሰው ፍርድ ቤት አመልክቶ ከዕዳው የሚወጣባቸው ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። ቻፕተር 7 በሚባለው መንገድ ሕጉ ለባለዕዳው ያልተወለት ንብረት ካለ ተሸጦ ለአበዳሪዎች ይከፋፈልና ከቀረው ዕዳ አብዛኛው በጥቂት ወራት ውስጥ ይሰረዛል፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ከወጣው ማሻሻያ ወዲህ ግን ገቢው ከፍ ያለ ሰው በዚህ በር እንዳይገባ የገቢ መመዘኛ ተቀምጧል። ቻፕተር 13 ደግሞ ባለዕዳው ንብረቱን እንደያዘ፣ ከገቢው የሚተርፈውን ከ3 እስከ 5 ዓመት በፍርድ ቤት በጸደቀ ዕቅድ የሚከፍልበት ነው። ከፍርድ ቤት ውጪም የብድር አማካሪ ድርጅቶች ከክሬዲት ካርድ (በብድር መግዣ ካርድ) ኩባንያዎች ጋር ተነጋግረው ወለዱን የሚያስቀንሱበት አካሄድ አለ። የ30,000 ዶላር የካርድ ዕዳ በ24 በመቶ ወለድ በ5 ዓመት ይከፈል ቢባል በወር 863 ዶላር ገደማ ይጠይቃል፤ ወለዱ ወደ 8 በመቶ ቢወርድ ግን ያው ዕዳ በዚያው ጊዜ በ608 ዶላር ያልቃል። ሁለቱ ቁጥሮች እዚያም ቢሆን የሚያከራክረው ነገር ከዓመቱ ርዝመት ይልቅ የወለዱ መጠን እንደሆነ ያሳያሉ፤ ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ስለ አሜሪካው ሥርዓት አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ባልፍ ግን ይቆጨኛል፤ በቀጥታ እናንተን ሊነካ ይችላልና። እዚያ ኪሳራ ያመለከተ ሰው ንብረቱን ሁሉ በመሐላ ያስመዘግባል፤ ሕጉም «የትም ይገኝ፣ በማንም እጅ ይሁን» ይላል። ስለዚህ ሰሚት ያለው ኮንዶሚኒየም ወይም በእናቱ ስም ሆኖ በእርሱ ገንዘብ የተሠራው ቤት በዚያ ዝርዝር ውስጥ ጉዳይ ይሆናል፤ ደብቆ የተገኘ ሰው የሚጠየቀው በወንጀል ሲሆን ቅጣቱም እስከ 5 ዓመት እስራት ይደርሳል። በተጨማሪም ከማመልከቱ በፊት ባሉት አሥራ ሁለት ወራት ውስጥ ለቅርብ ዘመዱ የከፈለውን ዕዳ ለጉዳዩ የተመደበው ኃላፊ ሊያስመልሰው ይችላል። «ሌላው ይቅር፣ መጀመሪያ የወንድሜን ልመልስ» ማለት ለእኛ ጨዋነት ነው፤ በዚያ ሕግ ዓይን ግን አንዱን አበዳሪ ከሌሎቹ ማስበለጥ ነው። ከአሜሪካ ያለ ዘመዳችሁ በአዲስ አበባ ቤት እያለው ስለ ቻፕተር 7 ካወራችሁ ይህንን ንገሩት፤ ቤቱ ምርጫውን ከሥሩ ሊቀይረው ይችላል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ስለ ኪሳራ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ነበረው፤ ስድሳ ዓመት ካገለገለ በኋላ በንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክቷል። በሁለቱም ሕጎች ኪሳራ የነጋዴና የንግድ ማኅበር ጉዳይ ነው። መምህር፣ ነርስ፣ የቢሮ ሠራተኛ ወይም ጡረተኛ ዕዳው ሰማይ ቢነካ ኪሳራ አይታወጅለትም። ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ካለነው ደመወዝተኛ ለሆንነው የዛሬው ጥያቄ ግማሹ ተዘግቷል፤ ያለን መንገድ ከአበዳሪው ጋር ተስማምቶ መክፈል ብቻ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ጥቂት መከለያዎች አሉን። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ በአንድ ጊዜ ከደመወዝ የሚቆረጠው ከወሩ ደመወዝ ሲሶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በግለሰቦች መካከል በሚደረግ ብድር በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን አይፈቅድም። ያው ሕግ ከ500 ብር የሚበልጥ ብድር በጽሑፍ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ከ500 ብር በላይ ዕዳ መክፈላችሁን ለማስረዳትም ጽሑፍ እንደሚያስፈልጋችሁ ነው። አበዳሪያችሁ የሥጋ ዘመዳችሁ ቢሆንም በጥሬ ገንዘብ አትክፈሉ፤ በባንክ ወይም በቴሌብር አስተላልፉ፤ ካልሆነም በደረሰኝ ይሁን።

እኔ ራሴ ይህን የተማርኩት በዋስትና ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ብድር ፈርሜ፣ እርሱ መክፈል ሲያቆም ሲሶው ከእኔ ደመወዝ ይቆረጥ ጀመር። ውሉ ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ሐረግ ነበረበት። ስፈርም ትርጉሙን አልጠየቅኩም፤ አበዳሪው ተበዳሪውን ትቶ በቀጥታ ወደ እኔ መምጣት ይችላል ማለት እንደሆነ የገባኝ ሦስተኛው ወር ላይ ነው። ገንዘቡ አልቆ ከነፃሁ በኋላም ያ ሰው በመንገድ ሲያየኝ ወደ ማዶ ይሻገር ነበር።

አያቶቻችን ዘንድ ባለዕዳና ባለገንዘብ በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ይታሰሩ እንደነበር ታውቃላችሁ፤ ቁራኛ ይባል ነበር። ቃሉ እስከ ዛሬ በአፋችን አለ፤ በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ እንላለን። ይህን ሥርዓት ስናነሣ የምናስበው ስለ ባለዕዳው መከራ ብቻ ነው። ሰንሰለቱ ግን ሁለት ጫፍ ነበረው፤ ባለገንዘቡም ባለዕዳው በሄደበት ይሄድ፣ ባደረበት ያድር ነበር፤ ገበያውም ሆነ እርሻው ይቀርበታል። ስለዚህ እርሱም ከሰንሰለቱ መውጣት ይፈልግ ነበር። ዛሬ ከአበዳሪ ፊት ስንቀርብ የምንረሳው ይህንን ጫፍ ነው። ባንክ የሰጠው ብድር 90 ቀን ሳይከፈል ከቆየ የተበላሸ ብድር ተብሎ ይመደባል፤ ባንኩም ከትርፉ ቀንሶ መጠባበቂያ ይይዝበታል፤ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅም ለበላዮቹ መልስ መስጠት ይኖርበታል። በ30ኛው ቀን ራሱ ቀርቦ «በዚህ ምክንያት በዚህ መጠን ልክፈል» ያለ ሰውና በ120ኛው ቀን ተፈልጎ የተገኘ ሰው በአንድ ዓይን አይታዩም፤ የመጀመሪያው ለሥራ አስኪያጁ ችግሩን የሚያቃልልለት ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 97/1990 አለ፤ በዚህ አዋጅ መሠረት ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ሳይጠብቅ፣ የያዘውን መያዣ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። በአዲስ ዘመንና በሪፖርተር ላይ የምታዩአቸው የሐራጅ ማስታወቂያዎች ብዙዎቹ የዚህ ውጤት ናቸው። ማስጠንቀቂያው ከደረሰ በኋላ ስለ ረጅም ጊዜ ክፍያ መነጋገር ይቻላል፤ ባለዕዳው ግን አሁን የሚነጋገረው ቆሞ ሳይሆን ተንበርክኮ ነው።

አንድ ጉዳይ በቅርበት ላሳያችሁ፤ ባለጉዳዩ እንዳይታወቅ ቁጥሮቹን ለውጫለሁ። ሰውዬው የመርካቶ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ወደ ሃምሳ ዓመት ይሆነዋል። ቢሮዬ ሲመጣ ጥግ ጥጉ የተጠቀለለ የተማሪ ደብተር በፌስታል ይዞ ነበር። በደብተሩ የዱቤ ደንበኞቹ ስም የለም፤ «የአየር ጤናዋ»፣ «ባለ ቀይ ቶዮታው»፣ «የሐጂ ልጅ» ይላል። ነጋዴ ሲከስር የድሮ መዝገብ ያገላብጣል ይባላል፤ ለፌዝ ነው የሚባለው፤ እኔ ግን ይህ ሰው የሠራው ትክክለኛ ነገር ያንን ደብተር ማገላበጡ ነው እላለሁ። ችግሩ የጀመረው ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እርሱ ከዚያ በፊት በዱቤ የሸጠውን ጨርቅ ገንዘብ ሲሰበስብ፣ በሰበሰበው ገንዘብ የሸጠውን ያህል መልሶ መግዛት አልቻለም። ክፍተቱን በብድር ሞላው።

ዕዳው በጠቅላላው 3,000,000 ብር ነበር። ከባንክ ቤቱን አስይዞ በ18 በመቶ ወለድ 1,800,000፤ ከአንድ ግለሰብ በወር ከመቶ አምስት 400,000፤ አስቀድሞ ከወሰደው እቁብ ገና ያልመለሰው 240,000፤ ከጅምላ ሻጭ በዱቤ የወሰደው 560,000። ከቤት ወጪና ከሱቅ ኪራይ የሚተርፈው በወር 55,000 ብር ነበር። «ወንድሜ፣ እኔ እኮ አንድም ወር አላሳለፍኩም» አለኝ፤ እውነቱን ነበር፤ በዚያም ይኮራ ነበር። ወረቀት አውጥተን ደመርን። የባንኩ ወለድ ብቻ በወር 27,000፤ የግለሰቡ 20,000፤ እቁቡ 10,000። ድምሩ 57,000 ነው። ሰውዬው በወር 55,000 ብር እየከፈለ በየወሩ 2,000 ብር ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከእቁቡ በስተቀር ከዋናው ዕዳ አንድ ብር አልቀነሰም፤ ለጅምላ ሻጩም የሚደርስ ነገር የለም። ለግለሰቡ አበዳሪ በ14 ወር የከፈለው 280,000 ብር ሲሆን፣ 400,000ው እንደተቀመጠ ነው። በሕጉ ጣሪያ ቢሄድ ኖሮ የ400,000 ብር የዓመት ወለድ 48,000 ነበር።

የረጅም ጊዜ ክፍያን በተመለከተ የያዝኩት አቋም ከዚህ ይነሣል። ዕቅድን የምለካው በዓመቱ ብዛት አይደለም፤ በስድስተኛው ወር መጨረሻ ላይ ዋናው ዕዳ ከመጀመሪያው ቀን አንሶ ይገኛል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። አንሶ ከተገኘ ሰባት ዓመትም ቢሆን መንገድ ነው። አንሶ ካልተገኘ ቁራኛ ነው፤ ሰንሰለቱ አይታይም እንጂ ታስረናል።

ያደረግነው እንዲህ ነው። ነጋዴው ዕቃ የሚያመላልስባት አንዲት አሮጌ ጭነት መኪና ነበረችው፤ በ900,000 ብር ተሸጠች። ለመሸጥ እምቢ ብሎ ሁለት ሳምንት ጠፋብኝ፤ መኪናዋን የገዛት ልጁ በተወለደ ዓመት ነበር። 400,000ው ለግለሰቡ አበዳሪ ዋለ፤ 500,000ው ለጅምላ ሻጩ። እቁቡን ለምን ቀድማችሁ አልዘጋችሁም የሚል ይኖራል። እቁብ ወለድ የለውም፤ ጊዜውም ተወስኗል፤ ዋሶቹም የሚያውቁት ወር ጠብቆ መጣሉን ነው፤ ያ እንደተለመደው ቀጠለ። ጅምላ ሻጩን ያስቀደምነው ግን አዲስ ዕቃ የሚሰጠው እርሱ ስለሆነ ነው፤ ዕቃ የሌለው ሱቅ ዕዳ አይከፍልም። ከባንኩ ጋር ደግሞ የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘም ተነጋገርን። በ5 ዓመት ቢሆን ወርኃዊው ክፍያ 45,700 ብር ገደማ ነው፤ በ7 ዓመት 37,800 ገደማ። ሁለቱን ዓመታት መጨመር በጠቅላላው 435,000 ብር ያህል ተጨማሪ ወለድ ያስከፍላል፤ ይህን ቁጥር ጽፌ ፊቱ አስቀመጥኩት፤ ማራዘም በነፃ የሚገኝ መስሎት ነበርና። ሆኖም የመኪና ኪራይ 5,000 ብር ተቀንሶ በወር 50,000 የሚተርፈው ሰው 45,700 ለባንክና 10,000 ለእቁብ ሊከፍል አይችልም። ሰባቱን ዓመት የመረጥነው፣ ቀድሞ የመክፈል መብት በውሉ ላይ እንዲጻፍ ጠይቀን ነው። በወር የምትተርፈው 2,200 ብር ብቻ ነበረች። ጅምላ ሻጩ ለቀረችው 60,000 እቁቡ እስኪያልቅ ታገሠ፤ 2,200ዋ ለክፉ ወር መጠባበቂያ ትቀመጥ ተባለ። ጠባብ ነው፤ እኔም አልወደድኩትም። ነገር ግን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ዋናው ዕዳ መውረድ ጀመረ፤ ከ24 ወር በኋላም በወር 12,200 ብር ነፃ ይወጣል።

ስለ ግለሰቡ አበዳሪ ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር አለ፤ በእጁ ቼክ ነበረ። ቀን ያልተጻፈበት፣ መጠኑ ተሞልቶ የተፈረመ ቼክ። በከተማችን ይህ እንደ ተራ መያዣ ተቆጥሯል፤ ተበዳሪ ይሰጣል፣ አበዳሪ ኪሱ ያስቀምጣል። ሕጉ ግን ቼክን እንደ መያዣ አያውቀውም፤ ሲቀርብ የሚከፈል ሰነድ ነው። አበዳሪው የፈለገውን ቀን ጽፎ ባንክ ሲያቀርበው ሒሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ ከሌለ «በቂ ስንቅ የለውም» ተብሎ ይመታል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ የዕዳ ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የወንጀል ጉዳይ ይሆናል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣትን በእስራት ይቀጣል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ማንም ሰው የውል ግዴታውን መፈጸም ባለመቻሉ ብቻ አይታሰርም ይላል፤ ቼክ የሰጠ ሰው ግን ይህን ጥበቃ በገዛ ፊርማው ወደ ጎን አድርጎታል። የረጅም ጊዜ ዕቅድም ሆነ ኪሳራ ያንን ወረቀት አይቀድምም። አራጣ በወንጀል የሚያስጠይቅ ሆኖ ሳለ፣ አራጣ የተበደረው ሰው በቼኩ ምክንያት ከአበዳሪው ይልቅ እስር ቤትን የሚፈራበት ሁኔታ የመጣው በዚህ ነው። የመርካቶው ነጋዴ ሽማግሌ ልኮ፣ 400,000ው በባንክ ተላልፎ፣ ቼኩ እኔ ፊት ሲቀደድ ነው ዕቅዱ ተጀመረ ብዬ መዝገብ የከፈትኩት።

ስለ ባልና ሚስት በአጭሩ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም ለዚያ ያህል ዋስ ለመሆን የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። 500 ብር ዛሬ የአንድ ምሳ ሒሳብ ነው ብላችሁ ትስቃላችሁ፤ ሕጉ ግን አልተለወጠም። ለቤተሰቡ ጥቅም የተገባ ዕዳ ደግሞ ከጋራ ንብረትም ከግል ንብረትም ሊጠየቅ ይችላል። ባለቤቱ የማታውቀውን ዕቅድ ይዞ የመጣ ሰው ካለ፣ መጀመሪያ ቤቱ ሄዶ እንዲነግራት አድርጌ እመልሰዋለሁ። የእኔን ምክር ለመስማት ከሚያስፈልገው ይልቅ ለዚህ የሚያስፈልገው ድፍረት ይበልጣል።

እንግዲህ ኪሳራ የሚሻለው መቼ ነው? ወለድና ዕዳ ጨርሶ ባይኖር እንኳ ሥራው ራሱ በየወሩ ገንዘብ የሚበላ ከሆነ ነው። ሴራሚክና የቧንቧ ዕቃ የምታስመጣ አንዲት ባለ ድርጅት ለዚህ ምሳሌ ትሆነኛለች። ከአበዳሪዎቿ ሁሉ ጋር የክፍያ ስምምነት ነበራት፤ አንዱንም አላፈረሰችም። ገንዘቡ ከየት ይመጣ እንደነበር ስጠይቃት ዝም አለች፤ ከዚያ እጇን ዘርግታ አሳየችኝ፤ ቀለበት የነበረበት ጣት ላይ ነጭ መስመር ብቻ ቀርቷል። አምባሯም የአንገት ሐብሏም ለወርኃዊ ክፍያ አልቀዋል። ሥራው የዕዳው ክፍያ ሳይታሰብ እንኳ በወር 30,000 ብር ይጎድልበት ነበር። እንዲህ ያለውን ሥራ በረጅም ጊዜ ክፍያ ማቆየት ማለት የራስን ጥሪት በየወሩ እየሸረፉ ለአበዳሪ ማከፋፈል ነው፤ በመጨረሻም አበዳሪውም ሙሉ አያገኝ፣ ባለዕዳውም ባዶ እጁን ይቀራል።

በፍርድ ቤት በኩል ሲኬድ የሚገኘው ጥቅም ሥርዓት ነው። በየፊናው የሚሮጠው ገንዘብ ጠያቂ የተናጠል ክሱን ትቶ ወደ አንድ መዝገብ ይገባል፤ ፍርድ ቤቱ የሚሾመው ንብረት ጠባቂ ያለውን ይቆጥራል፣ ይሸጣል፣ በሕጉ ቅደም ተከተል ያከፋፍላል። ዋጋውም ከባድ ነው፤ ጊዜያቸው ያልደረሰ ዕዳዎችም ደረሱ ተብለው ይቆጠራሉ፤ በመያዣ የተሰጠ ንብረት ላይ ባለመያዣው ቅድሚያውን ይዞ ይቆያል፤ ነጋዴው በገዛ ሱቁ ቁልፍ ላይ አያዝም። የ2013ቱ ሕግ ደግሞ መክፈል ከማቆም በፊት ወይም ሥራው ገና ሊድን በሚችልበት ጊዜ ዕዳን በፍርድ ቤት ጥላ ሥር ከአበዳሪዎች ጋር እንደገና ማዋቀር የሚያስችል ሥርዓት ዘርግቷል። እኔ በዚህ ሥርዓት ሲጠቀም ያየሁት ነጋዴ ጥቂት ነው፤ ብዙው የሚመጣው ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ውኃ ፍለጋ ነው።

ወደ ኪሳራ የሚሄድ ሰው ከመሄዱ በፊት ባሉት ወራት የሚሠራው ነገር ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። ቤትን ለልጅ በስጦታ ማዛወር፣ ጊዜው ያልደረሰ የጓደኛን ዕዳ ቀድሞ መክፈል፣ ዕቃን በግማሽ ዋጋ ለዘመድ መሸጥ፦ እነዚህ ሊፈርሱ የሚችሉ ድርጊቶች ናቸው፤ ንብረት ማሸሽና መዝገብ ማጥፋት ደግሞ በማጭበርበር መክሰር ተብሎ በወንጀል ያስጠይቃል። ባለ ሴራሚኳ ሴት ያዳናት የንግድ መዝገቧ ንጹሕ መሆኑ ነው። ድርጅቷ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ስለነበር በማኅበሩ ዕዳ እኔ አልጠየቅም ብላ ነበር የመጣችው። ፋይሉን ስንከፍት ከባንኩ ውል ጀርባ የግሏ የዋስትና ፊርማ ተገኘ፤ ማኅበሩ ቢከስር ፊርማው አይከስርም። ስለዚህ ልደታ ፍርድ ቤት ከመሄዷ በፊት ከጠበቃዋ ጋር ሆና ሁለት ወር የፈጀ ድርድር ያደረገችው ስለ ዋስትናዋ መጠን ነበር፤ ውሉ ዋሱ የሚጠየቅበትን ከፍተኛ መጠን በግልጽ ማስቀመጥ ነበረበት፤ ሕጉ ይህን ይጠይቃል፤ ያም ለመነጋገሪያ በር ሆነ። መጋዘኑ ሲቆጠር እኔም ነበርኩ። ካርቶን በካርቶን እየተከፈተ ሴራሚኩ ሲቆጠር ሴትዮዋ ራሷ የትኛው ሳጥን የተሰበረ እንዳለበት እየጠቆመች ታስመዘግብ ነበር፤ ንብረት ጠባቂው አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አያትና ወደ ጽሑፉ ተመለሰ።

ደብተራችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ ስለማውቅ ሰዓቱን ለእናንተ እለቃለሁ፤ ከሻይ በኋላ አንድ በአንድ እቀበላችኋለሁ። ስትመጡ የየአበዳሪውን ዋና ዕዳና ወለድ ለየብቻ ጻፉ፤ ደምራችሁ አታምጡልኝ። ቀን ያልተጻፈበት ቼክ በሰው እጅ ያላችሁ ግን ተራ አትጠብቁ፤ ቀድማችሁ ኑ።